ጎንበስ የሚል ኢኮ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለኩራትም ለንስሐም አይደለም፤ ቁመቴን እንደምነግራችሁ ያህል ነው። ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ ሦስቱም የቤቱን በር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያጣሩት እኔ መኖር አለመኖሬን ነው። ካለሁ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፤ እግር ከሶፋ ላይ ይወርዳል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ የሚያፍርበት ድክመት አያጣም። የኔ ኢኮ ነው። ከድምፅ ማጉያ ወጥቶ፣ ተንሳፍፎ፣ ጣራ ነክቶ የሚመለሰውን ድምፅ እወዳለሁ። ሰርግ ተጠርቼ ምግቡ ቢጎድል እረሳዋለሁ፤ ማይኩ ኢኮ ከሌለው ግን ቅር ብሎኝ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። ለሌላ ሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አደራ።

ነገሩ የጀመረኝ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ስሠራ ነው። አንድ ማለዳ ስገባ መጋዘኑ ባዶውን ቆሞ አገኘሁት። ጭነቱ ሁሉ ተነሥቷል። የተጫነው አበባ ነበርና ሽታው ገና አልወጣም፤ ከላይኛው መስኮት የገባው ብርሃን አቧራውን ቀስ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። የሥራ ጓደኛዬ የለም። ልቆጣው ፈልጌ «የት ሄድክ አንተ!» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ሄደ። ግድግዳውን ነካ፤ ጣራውን ነካ፤ ከዚያ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ቁጣው አልነበረበትም። «የት ሄድክ… ሄድክ…» የሚል፣ ሰው የናፈቀው ሰው ድምፅ ሆኖ መጣ። ሲወጣ ተግሣጽ ነበር፤ ሲመለስ ናፍቆት ሆነ። እዚያው እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። በሕልም ውስጥ ያለ ሰው በሩ ሲንኳኳ እንደሚሰማው ያህል ነበር የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ቦታ ሳገኝ አላልፍም። አሁን የምንኖረው ሲኤምሲ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ደረጃ ከታች እስከ ላይ ክፍት ስለሆነ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ልጆች ትምህርት ቤት ሆነው ሕንፃው ጭር ሲል፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ስጠርግ ድምፁ እስከ ጣራው ወጥቶ እንደ ቄስ ሆኖ ይወርዳል። ጎረቤቶች የሚያስለኝ መስሏቸው ዝንጅብልና ማር ልከውልኛል። ተቀብያለሁ። ምን ልበል?

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን ራሴ ነኝ የተማርኩት። እንግሊዝኛን ያስተማሩኝ ካርቶኖች ናቸው፦ «ተሰባሪ»፣ «ይህ ጎን ወደ ላይ»፣ «ከእርጥበት ይጠበቅ»። ከዚያ መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ ኤሌክትሪክ ከመጽሐፍ አነበብኩ፤ የቤቴን ምድጃ ራሴ ጠግኜ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ሰፈሩን ጨለማ ያደረግሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሌላ ሰው ሊያስተምረው ሲመጣ አስቀድሞ የገባው ይመስለዋል። ይህን ጠባይ በሌሎች ላይ አይቼ እወቅስ ነበር።

የመጨረሻዋ ልጄ መክሊት ትባላለች። ሒሳብ እንድትማር አዘዝኳት፤ ተማረች፤ ዲፕሎማውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና የድምፅ ባለሙያ ሆነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ገመድ በቦርሳ አንጠልጥላ ከሰርግ ሰርግ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ስትዞር ኖረች። ባለፈው ወር አትላስ አካባቢ ካሉት አዳራሾች አንዱ ቋሚ ባለሙያ ፈለገ። አስተዳዳሪው ቁርጡን ነገራት፤ አንድ የእሑድ ሰርግ ብቻዋን ትይዛለች፤ ያለ እንከን ካለቀ ቦታው የሷ ነው፤ ካላማረ ተረኛው ሰው ይሞከራል። ልጄ ለዚያ እሑድ አንድ ሳምንት ጾመኛ መሰለች። እህል አልወርድ አላት።

ይኸው ሰርግ ደግሞ የማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ከበላያችን አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የአቶ ሰይድ ልጅ ሰርግ! አቶ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሚኒባስ ሹፌርነት የጨረሱ፣ አሁንም ደረጃ ሲወጡ መታጠፊያው ላይ ጡሩምባ ሊነፉ የሚዳዳቸው ሰው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«አንቱ ጎረቤት፣ ኒካሁ በቤት ያልቃል። አዳራሹ ላይ ግን ምርቃቱን እርስዎ ይያዙልኝ።»

«እኔ? ሼሆቹ እያሉ?»

«ሼሁም ያደርሳሉ፤ እርስዎም ይመርቃሉ። እኛ አገር ማን መረቀ ተብሎ አይጠየቅም፤ አሚን ማለት ብቻ ነው። ደግሞ ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አሉና ወደ ደረጃው ጣራ ቀና ብለው አዩ። «በየቀኑ እሰማዋለሁ።»

ዝንጅብሉ የተላከልኝ በእርግጥ ለሳል መሆኑን መጠራጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ማታ ለመክሊት ነገርኳት። ፊቷ ትንሽ ነጣ፤ ቢሆንም ሳቀች። «እንግዲያው ኢኮህን እኔ ነኛ የማዘጋጀው» አለች።

«በደንብ አድርጊው። ምርቃት ያለ ኢኮ ምርቃት አይደለም፤ ወሬ ነው።»

ላፕቶፗን ከፍታ፣ ማይክ አምጥታ ሳሎን ውስጥ አሰማችኝ። ተናገርኩ። ስናገር ድምፄ ደረቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ኢኮው ከሩቅ ከመጋረጃ ጀርባ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማው። ዝም ስል ግን ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ክፍሉን ሞላው፤ የመጨረሻ ቃሌን ይዞ ሄደ።

«ተበላሽቷል» አልኳት። «እኔ ስናገር ይጠፋል።»

«አልጠፋም አባዬ። ጎንበስ ብሎልህ ነው። ዳኪንግ ይባላል። ያንተን ድምፅ ሲሰማ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ስትጨርስ ቀና ይላል። እንደዚያ ካልሆነ ያለፈው ቃልህ እየተመለሰ የሚመጣውን ቃልህን ይሸፍነዋል። ኢኮው አልቀነሰም፤ ተራውን ነው የሚጠብቀው።»

«ለማን ብሎ ነው የሚጠብቀው? ማሽን ነው።»

«ላንተ ብሎ ነዋ። ደግሞ አንድ ማይክ ከእንግዶቹ በላይ እሰቅላለሁ። ሰው አሜን ሲልም ጎንበስ እንዲል። ምርቃት ላይ ክፍተቱ የሰው ነው፤ አንተ ዝም ባልክ ቁጥር ኢኮው ዘሎ ከገባበት አሜኑን ይበላዋል።»

ይህን ሁሉ ስትል እኔ መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ። አቧራው ይንሳፈፋል፤ አበባው ይሸታል፤ «ሄድክ… ሄድክ…» ይላል። ልጄ የምታወራውን የሰማሁት ግማሹን ነው። ከሰማሁት ውስጥ የያዝኩት ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ነች፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይቺ ትሬሾልዷ ነች፤ ድምፅህ ከዚህ ካለፈ ነው ጎንበስ የሚለው» ያለቻት። በማግስቱ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። የበር ደፍ ይላል። ገባኝ! ደፉ ከፍ ካለ ድምፄ አይሻገርም፤ ካልተሻገረ ኢኮው አይጎነብስም። ለምን ይጎነብሳል? በኔ ቤት እስካሁን የጎነበሰ ይበቃል።

እሑድ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ፤ «ላግዝሽ» ብዬ። አዳራሹ ባዶ ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች በሰልፍ ቆመው ሰው ይጠብቃሉ፤ ከጣራው የተንጠለጠሉት መብራቶች ገና አልበሩም፤ አንዲት ሴት ከሩቅ ወለል ትወለውላለች፤ የባልዲዋ ድምፅ እንኳ ቆይቶ ቆይቶ ይመጣል። መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይክ ሳልይዝ «እህ» አልኩ። አዳራሹ «እህ» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ክረምት ሌሊት ዝናብ እየሰማ የሚተኛ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ።

መክሊት የቀረ ገመድ ከመጣንበት ታክሲ ልታወርድ ወጣች። ላፕቶፑ ተከፍቶ ቀርቷል። ደፏ እዚያው ናት። በጣቴ ገፋ አደረግኋት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ ጫፉ። ከዚያ እንደ ደህና ሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሌላ ሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መንካት ስርቆት እንደሆነ ሦስቱንም ልጆቼን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ልጄ ተመልሳ ሁሉን ሞከረች። ከዚያ የመድረክ መሪው መጣ፤ ወፍራም ወጣት ነው፤ ማይክ ሲይዝ ሊውጠው ይመስላል። ጮኸበት። የሱ ጩኸት ደፍ አይደለም አጥር ይሻገራል፤ ኢኮው ወዲያው ጎንበስ አለለት። ሁሉ ነገር አማረ። መክሊት አውራ ጣቷን ወደ ላይ አሳየችው።

ሙሽሮቹ ገቡ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ እሳቸው ማይክ አልፈለጉም። ምሳው አለቀ። አቶ ሰይድ ተነሥተው «አሁን ጎረቤቴ ይመርቁልናል» አሉ። ወጣሁ። መክሊት ከመውጣቴ በፊት በጆሮዬ «አባዬ፣ ማይኩን ወደ አፍህ አስጠጋው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ማይክ አፍ ላይ ማስጠጋት የዘፋኝ ሥራ ነው ብዬ ስለማምን፣ ደረቴ ላይ እንደ ሻማ ያዝኩት። በዝግታና በትሕትና ጀመርኩ።

«ቤታችሁ ይሙላ…»

«አሜን!» «አሚን!» አለ አዳራሹ፣ በሁለቱም በኩል።

ኢኮውም ተነሣ። እኔ ዝግ ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ደፏን አልተሻገርኩም፤ እሱም የሚጎነብስለት ሰው አልሰማም። «ቤታችሁ ይሙላ… ይሙላ… ይሙላ…» እያለ መብራቶቹን መዞር ጀመረ። እንዴት ያምር እንደነበር አልዋሻችሁም። እንደ ሕልም ነው። ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ።

«ጠላታችሁ ይራቅ…»

«ጠላታችሁ» ስል ከላይ የሚዞረው የቀድሞው ቃል ወርዶ ገጠመኝ፤ አዳራሹ የሰማው «ጠላታችሁ… ይሙላ» የሚል ሆነ። ከልማድ የተነሣ ግማሹ ሰው «አሜን» አለ። ሌላው ግማሽ ዘወር ብሎ ጎረቤቱን አየ። ላስተካክል ብዬ ፈጠን አልኩ፤ «ዘራችሁ ይብዛ፤ በሽታ ከደጃችሁ አይድረስ!» ያን ጊዜ ነገሩ ጠፋ። «በሽታ…» «ይብዛ… ይብዛ…» «ይሙላ…» የሙሽራዋ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ሰይድ እንደ ሚኒባስ ሹፌር በእጃቸው «ቀስ! ቀስ!» ይሉኛል። ቀስ ስል ይብስ ይጮኽብኛል። የራሴ ድምፅ ስድስት ሆኖ ከበበኝ።

በሕይወቴ ማንም በላዬ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ደሜ ፈላ።

«ዝም በል!» አልኩት።

«ዝም በል… ዝም በል… በል…»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። እኔም ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ ቁጡ ሰው ጥፋተኛ ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

«መክሊት! አጥፊው ይህን ነገር! ስንት ጊዜ ነገርኩሽ!»

«ስንት ጊዜ ነገርኩሽ… ነገርኩሽ… ነገርኩሽ…»

ሳቁ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ተግሣጼ በአዳራሹ ዙሪያ ሄዶ ሲመለስ ጠበቅሁት፤ ያ የማውቀው ለስላሳ ነገር አልመጣም። ሲወጣ እንደነበረው ነው የተመለሰው። ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ሦስት መቶ ሰው የልጄን ስም ሰምቶ ወደ ኋላ ዞሮ አያት።

ከመድረኩ ላይ እሷ በደንብ ትታየኛለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ እጇ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ደፏን ወደ ቦታዋ አወረደቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ማን እንደነካው አውቃለች። አስተዳዳሪው፣ ረጅም ሰውዬ ነው፣ አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቃት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ «የኔ ጥፋት ነው» ማለቷ ነው። ከዚያ ርቀት ቃሉ አይሰማም፤ እጇ ግን ይበቃል።

ወገኖቼ፣ ብዙ ሰው ከጥፋቱ የሚሸሸው ጥፋቱ ትልቅ ስለሆነ ነው። የኔ ትንሽ ነበረች፤ የጣት ግፊት። ልዋሽባት እችል ነበር። ያስፈራኝም ቀላልነቱ ነው። ዝም ብል ልጄ ሥራውን ታጣለች፤ እኔ ደግሞ ማንም ሳያውቅብኝ የተከበርኩ ጎረቤት ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ማይኩን እንደ ዘፋኝ አፌ ላይ ለጠፍኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ አስተካክላው ነበር። ሳታየኝ ነካክቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እያንዳንዱ ቃል እንደ ጠጠር ጥርት ብሎ ወጣ። ኢኮው ጎንበስ ብሎ ጠበቀኝ። ስጨርስ ደግሞ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ከጣራው ሥር «እኔ ነኝ… እኔ ነኝ…» አለ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ ከልማዳቸው «አሚን» አሉ።

አዳራሹ ፈረሰ በሳቅ። አቶ ሰይድ እንባቸውን እየጠረጉ «አንቱ ጎረቤት፣ ይቀጥሉ እንጂ! መንገዱ ተከፍቷል!» ብለው ጮኹ።

ቀጠልኩ። ከዚያ የሆነውን በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። «ቤታችሁ ይሙላ» እላለሁ፤ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ዝም እላለሁ፤ አሜኑና አሚኑ ይመጣል፤ ኢኮው ለነሱም ጎንበስ ይላል። ከነሱ በኋላ፣ ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ያን ጊዜ ይነሣል፤ የኔን ቃልና የነሱን አሜን አንድ ላይ አቅፎ፣ ቀስ እያለ በመብራቶቹ መካከል ያልፍና ከሙሽሮቹ በላይ ይጠፋል። እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን እላለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። እግሬ ወለሉን የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ከመድረክ ስወርድ ሙሽራው እጄን ስሞኝ «አባባ፣ ያቺ ዝም በል የምትለዋ ምርቃት ግን ለኔ ናት ለሷ?» አለኝ። ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው ለሱ እንደሆነ ነገርኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃውን ሰብስበን ታክሲ ጠራን። ከመውጣታችን በፊት አስተዳዳሪው መክሊትን በሩ ላይ አቁሞ ረጅም ነገር አወራት። እኔ ከሩቅ ቦርሳ ይዤ ቆሜ የሰውየውን ፊት ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልተነበበልኝም። መኪናው ውስጥ ገና በሩ ሳይዘጋ ጀመርኩ።

«ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ የጠየቀኝ…»

«ፊቱ አላማረኝም። ሰው እያናገረ ስልኩን ያያል።»

«ስልኩን ያየው እኮ…»

«በኛ ጊዜ አለቃ ሠራተኛውን ሲያናግር ቆሞ ነው፤ ዓይን ለዓይን እየተያየ። እምቢ ካለሽም አትጨነቂ፤ እኔ ራሴ ነገ ሄጄ…»

ዝም አለች። መገናኛ ደረስን፤ መንገዱ ተዘግቷል። ምሽቱ እየመጣ ነው፤ የመኪኖቹ የኋላ መብራት ሁሉ ቀይ ሆኖ ይንሳፈፋል። የተናገርኩት ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲዞር ተሰማኝ። ወደ ልጄ ዞሬ አየሁ። የተቆጣ ሰው ዝምታ አይደለም ዝምታዋ፤ የለመደ ሰው ዝምታ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ ሰው።

አፌን ዘጋሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ መኪና አለፈን፤ ሌላም አለፈን። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና የታመምኩ መሰለው።

ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች።

«መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ 'አባትሽ እንደነካኩት መቼ አወቅሽ?' ብሎ ነው። 'ሁለተኛው ምርቃት ላይ' አልኩት። 'ታዲያ ለምን የኔ ጥፋት ነው አልሽኝ?' አለኝ።»

ሁለት ነገር ልናገር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። መለስኩት።

«'ማሽኑን ከፍቼ ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ' አልኩት። 'አባቴን ደግሞ አውቀዋለሁ።' ሳቀ። ስልኩን ያየው የቅዳሜውን ሰርግ ሰዓት ሊነግረኝ ነው አባዬ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ አለኝ። በቋሚነት።»

መንገዱ ተከፈተ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን አላቆመችም።

«አንድ ቃል ግን አስገብቶኛል። እኔ በምሠራበት ቀን አንተ ከላፕቶፑ አሥር እርምጃ ርቀህ እንድትቀመጥ።»

ሦስት መልስ መጣልኝ። አንዱ ስለ ሽማግሌ ክብር ነበር፤ ሁለተኛው ስለዚያ ሰውዬ። ሁለቱን ዋጥኳቸው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

ከዚያም ዝም አልኩ፤ ገና አልጨረሰችም ነበርና።